የራሴን አቤቱታ ያደረስኩበት ቀን

ሶዶ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ለገቢ ደብዳቤ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ለኃላፊው አስገባለሁ፤ ኃላፊው ጠርዙ ላይ ወደ ጻፈለት ሰው ወስጄ በማስረከቢያ ደብተሬ አስፈርማለሁ። ሥራዬን እወደው ነበር።

የቡድን መሪያችን እጅ ግን አያርፍም። መጀመሪያ ትከሻዬ ላይ፣ ቆይቶ ወገቤ ላይ። አንድ ቀን ፋይል ሳወርድ በሩን ዘጋብኝና የሚፈልገውን በግልጽ ነገረኝ። እምቢ ስለው፣ "ሃላሌ የመዝገብ ሠራተኛ ቸግሯቸዋል አሉ" አለኝ እየሳቀ። ሃላሌ ከሶዶ ርቆ ያለ የወረዳ ከተማ ነው፤ እናቴ አልጋ ይዛ እኔን ብቻ እንደምትጠብቅ ያውቃል።

የሴቶች ጉዳይ ተጠሪዋ ጋ ሄድኩ። "ሕጉ ካንቺ ጋር ነው፣ እህቴ" አለችኝ። "በጽሑፍ አመልክቺ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ያየዋል። ካልተስማማሽ ይግባኝ አለ፣ ፖሊስም አለ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ምስክር አለሽ?" አለች። በተዘጋ በር ማን ይመሰክራል? ቢሆንም ተስፋ አደረግኩ። ቂል ነበርኩ።

ሁለት ገጽ ጻፍኩ። በፖስታ አሽጌ "ምስጢር" ብዬ በኃላፊው እጅ ማስቀመጥ እችል ነበር፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን በመዝገብ ያላለፈ ወረቀት እንዴት እንደሚጠፋም አውቃለሁ። ስለዚህ ቁጥር ሰጠሁት፣ ማህተም መታሁበት፣ ከሌሎቹ ደብዳቤዎች ጋር አስገባሁት።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤዬ ተመርቶ ወጣ። ኃላፊው ያንብበው አያንብበው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠርዙ ላይ እንደ ልማዱ፣ "ለቡድን መሪው፤ አጣርተህ አቅርብ" ብሎበታል።

ኮሪደሩ ላይ ጠርዙን ደግሜ አነበብኩት። ብደብቀው ሰነድ አጠፋች እባላለሁ። የቡድን መሪውን ቢሮ አንኳኩቼ ገባሁና ሰጠሁት።

ቆሞ አነበበው። አልተቆጣም። "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ ምን አስቸኮለሽ?" አለኝና ደብተሬ ላይ አሳምሮ ፈረመ። ጠላሁት፤ ከእሱ ይልቅ ግን ደብተሩን ዘርግቼ የቆምኩትን ራሴን ጠላሁ።

አቤቱታዬ "ማስረጃ ባለመገኘቱ" ተብሎ ተዘጋ። ይግባኝ ማለት እችል ነበር። ይህንኑ ወረቀት ይዤ ሌላ በር ለማንኳኳት ግን ጉልበት አጣሁ።

በወሩ "ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል" እኔን ወደ ሃላሌ የሚያዛውር ደብዳቤ ተፈረመ። ወጪ ደብዳቤ ቁጥር የሚያገኘው ከእኔ ነው፤ ቁጥር ሰጠሁት። ከዚያም ማስረከቢያ ደብተሬን ገልጬ፣ "ተቀባይ" በሚለው ስር ስሜን ጻፍኩና ፈረምኩ።