የአቶ ደርበው የሦስት ሰዓት ንግግር

ሰሞኑን እንጅባራ የሚወራው ይህ ነው፦ የፓርላማ ተወካያችን አቶ ደርበው አንድ ጆንያ ከሰል ተሸክመው አዳራሽ ገቡ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ፤ ሚኒስትሩ አለቀሱ። ወሬው ጫግኒ ሲደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል፤ የቆላው ሙቀት ሳያስፋፋው አልቀረም።

እኔ አላመንኩም። ደርበውን የማያውቅ ይመን! ሰውየው ዕድሜያቸውን የጨረሱት አዲስ ቅዳም ወፍጮ ቤት ነው። ሞተሩ እየጮኸ ማን ማንን ይሰማል? "ይድቀቅ?" በጣት፣ "ሸርከት ይበል?" በመዳፍ፣ "ወረፋሽ አልደረሰም" በቅንድብ። ሚስታቸውንም ያጩት በቅንድብ ነው ይባላል። ፓርላማ ከገቡ ወዲህ በቴሌቪዥን ያየናቸው ለድምፅ እጅ ሲያወጡ ብቻ ነው። የጎረቤታችን የዳንግላ ተወካይ በተናገሩ ቁጥር የዳንግላ ሰው ሻይ ይጋብዘናል፤ እኛ አንገታችንን ደፍተን እንጠጣለን።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከሻይ በላይ ነበር። ከሰል ማክሰልን ጨርሶ የሚከለክል ረቂቅ አዋጅ መጣ። በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ያለው የፋግታ ገበሬ ደግሞ የሚያከስለው ደን ጨፍጭፎ አይደለም። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በራሱ ማሳ ተክሎ፣ ሲደርስ ቆርጦ ያከስላል፤ በቦታው ጤፍ ይዘራል፤ ከዚያ መልሶ ይተክላል። አዋጁ እንዳለ ቢጸድቅ የስንቱ ቤት ይፈታ ነበር!

አልተፈታም። ባለፈው ሳምንት አዋጁ ጸደቀ፤ ገበሬው ራሱ ተክሎ ያሳደገውን ዛፍ ግን አይነካም። አዲስ ቅዳም ያን ቀን ያልሸለመው ፈረስ አልነበረም። ፈረስ የሌለው ባጃጁን ሸልሞ ጋለበ። ዳንግላዎች ሳይቀሩ ደውለው "እንኳን ደስ ያላችሁ" አሉን፤ ድምፃቸው ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ነበር እንጂ።

ቅዳሜ አቶ ደርበው ራሂማ ሻይ ቤት ብቅ ሲሉ ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። ባጃጅ ነጂው ዓለምነው አላስቻለውም።

"ጋሼ፣ እውነት ሚኒስትሩ አለቀሱ?"

"አርፈህ ሻይህን ጠጣ!" አለችው ራሂማ። "ከተማውን በዚህ ወሬ የሞላኸው አንተ ነህ።"

"ያየ ሰው እኮ ነው የነገረኝ!"

"የት ሆኖ አየ? ጣራው ላይ?"

"ጋሼ ራሳቸው ይንገሩን እንግዲህ! የሚዋሽ ሰው አይደሉም።"

አቶ ደርበው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"ጆንያ አልያዝኩም። ያለቀሰ ሚኒስትር የለም። ሦስት ሰዓት ቀርቶ ሦስት ቃል አልተናገርኩም። ረቂቁ የቀረበ ዕለት ዕድል ጠየቅሁ፤ ሳይደርሰኝ ስብሰባው አለቀ። ከዚያ ቋሚ ኮሚቴውን ለምኜ በአውቶቡስ ፋግታ አመጣሁት፤ ሲቆረጥም ሲተከልም አይተው አስተካከሉት። የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ስለ እኔ የሚለው 'ተገኝተዋል' ብቻ ነው። የምታወሩት ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ነው።"