በእመቤቴ ተምሎ የተሸጠልኝ ሊንክ

«ኦርጅናል ኮፒ ነው፣ እትዬ» አለኝ ባለ ሱቁ።

እኔ የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። ዋናውን በቀኝ፣ ግልባጩን በግራ አድርጌ ጣቴን መስመር በመስመር አስኬዳለሁ፤ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» የሚለውን ማኅተም ከማሳረፌ በፊት አንዲት ነጥብ አላሳልፍም። ኦርጅናል ከሆነ ኮፒ አይደለም፤ ኮፒ ከሆነም ኦርጅናል አይደለም። ይህንኑ ነገርኩት። «የመኪና ዕቃ የቢሮ ወረቀት አይደለም» አለና አጠገቡ ማር የሚሸጠውን ጎረቤቱን ጠቀሰው። ያን ጥቅሻ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ያኔ ቤቴ ቦንጋ፣ ሥራዬ ዋጫ ነበር። መንገዱ ገና አስፋልት አልለበሰም። ወንድሜ ወደ ውጭ ሲሄድ የተወልኝን ትንሽ አሮጌ መኪና እየነዳሁ ጠዋት እሄዳለሁ፣ አመሻሽ ላይ እመለሳለሁ። አብራኝ የምትመላለሰው የመሥሪያ ቤታችን ጸሐፊ ነበረች፤ የቦንጋ ልጅ፣ ፕሮቴስታንት፣ በጾሜ የምትተርበኝ። ገና በሩን ሳትዘጋ «ዛሬስ ምን አይበላም?» ትለኛለች። በዚያ ዓመት አርግዛ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። ባሏ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ አንድ እሑድ ቤቴ ድረስ መጥቶ «በአውቶቡስ ግፊያ ከምትሄድ ከእርስዎ ጋር ይሻላል። አደራ» ብሎኝ ሄደ። እኔ ደግሞ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የምፈራው አደራን ነው።

ሐምሌ ላይ መኪናዋ ከፊት በቀኝ በኩል ቋ፣ ቋ ማለት ጀመረች። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ገብቶ ሌላው ሲቀር ይብስባታል። ቦንጋ ያለው መካኒክ ከሥሯ ገብቶ ወጣና፦

«ባለቤትዎን ይላኩልኝ» አለኝ።

«ባለቤት የለኝም።»

«ወንድምስ?»

«አገሬ ጎጃም ነው። ወንድም ፍለጋ የስንት ቀን መንገድ ልሂድልህ? የምነዳት እኔ ነኝ፤ ለእኔ ንገረኝ።»

እያንገራገረ ነገረኝ። ስታብላይዘር የሚሉት ዘንግ አለ፤ መኪናዋ ኩርባ ላይ ወደ ጎን እንዳትጋደም የሚይዛት እሱ ነው። ይህን ዘንግ ከጎማው እግር ጋር የሚያገናኙ፣ ከስንዝር ብዙም የማይበልጡ፣ ጫፋቸው ላይ እንደ ትከሻ መጋጠሚያ የሚዞር ኳስ ያላቸው ሁለት አጫጭር ብረቶች አሉ፤ ሊንክ ይባላሉ። የእኔ የቀኙ ኳስ ተበልቷል። ምርጫው ሦስት ነው፤ ከተፈታታ መኪና የወጣ ያገለገለ ኦርጅናል፣ አዲስ ኮፒ፣ ወይም እሱ ራሱ ከፌሮ ቆርጦ በከባድ መኪና ጎማ ላስቲክ የሚያበጀው።

«የትኛው ይሻላል?»

«ኮፒው ይበቃል። እርስዎ ሴት ነዎት፤ ቀስ ብለው ነው የሚነዱት።»

ሴት ቀስ ብላ ስለነዳች ገደሉ ይራራላታል? ይህን አላልኩትም። የፍልሰታ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበርና ዋጥኩት፤ አሁን የሚቆጨኝ መዋጤ ነው። አሮጌውን ሊንክ አስፈትቼ በጋዜጣ ጠቀለልኩት። «ምን ያደርግልዎታል? ቅራቅንቦ እኮ ነው» አለ መካኒኩ። ዋናው ካልተያዘ በምን ሊመሳከር ነው?

ሱቁ ገብቼ መጀመሪያ ያገለገለውን አየሁ። ኳሱ ጠበቅ ይላል፤ ደስ አለኝ። ነገር ግን በግራሶ ተለቅልቋል። በሶፍት ደጋግሜ ጠርጌ ሳነቃንቀው እንደተነቃነቀ ጥርስ ወዲያ ወዲህ አለ።

«ይኸው፣ የያዘው ግራሶ ነው!»

«አይ እትዬ፣ ጠርገው አበላሹት።»

ጠርጌ አበላሸሁት!

ኮፒውን ከአሮጌው ጎን አጋደምኩት። በአውራ ጣቴ ወርድ ይረዝማል። «ኦርጅናል ኮፒ ነው» ያለኝ ይህን ባሳየሁት ጊዜ ነው። «ሲገጠም ልኩን ይይዛል» ብሎም ጨመረ። ብረት ሲገጠም ያጥራል? መልሼ ላስቀምጠው ስል ከጀርባው የተሰቀለውን የእመቤታችንን ሥዕል በጣቱ አሳየኝ።

«እመቤቴን! ለገዛ እህቴ መኪና የምሰጠው ይህንኑ ነው። ይቺው ምስክሬ ናት!»

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። እኛ ቤት በእመቤታችን የተማለበት ነገር አይመረመርም። በሐሰት ምሎ ይሆናል ብዬ ማሰቡ ራሱ ኃጢአት መሰለኝ። ሰኞ ደግሞ ግምገማ አለ፤ ባለፈው «በመኪና እያመካኘች ታረፍዳለች» ተብዬ በሰው ፊት ሂስ ተቀብያለሁ። ገዛሁትና አስገጠምኩት። ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት እንኳ በዓይኔ ሳላመሳክር የማላምን ሴትዮ፣ በገዛ ጣቴ የለካሁትን በሰው አፍ ሻርኩት።

በማግስቱ መንገድ ላይ ለጸሐፊዋ ስነግራት ሳቀችብኝ።

«ስለማለልሽ ገዛሽው? እኛ እኮ አንምልም። አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም።»

«ስብከትሽን ለእሑድ አቆይው» አልኳትና አኮረፍኩ። ያኮረፍኩት እውነቷን ስለነበረ ነው።

ሁለት ሳምንት መኪናዋ ድምፅ አላሰማችም። በሦስተኛው፣ ዝናብ ሲወርድ ባደረበት ጠዋት፣ መንገዱ እንደ ሳሙና በሚያሙለጨልጭበት ሰዓት፣ መንገዳችንን ወደሚያቋርጠው ወንዝ የሚወርደው ኩርባ ላይ ከፊት በኩል አንድ ነገር ቀጭ አለ። መኪናዋ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ተጋደመች። የተበጠሰው ብረት ጎማውን እየፋቀ ይጮኻል። ፍሬን ብረግጥ እንደምንንሸራተት ስለማውቅ በማርሽ ያዝኳት። መንገድ ዳር ካለው የቡና ቁጥቋጦ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ቆመች። ከቁጥቋጦው ወዲያ ገደል ነው።

ጸሐፊዋ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ያቺ አፏ የማያርፍ ሴት!

«አመመሽ? ተናገሪ እንጂ!»

እኔ ስሟን እየጠራሁ፣ መልሼ አምላኬን እየጠራሁ፣ የቱን እንደጠራሁ ጠፋኝ። ብዙ ቆይታ «ተንቀሳቀሰ» አለች። ከዚያ አለቀሰች። የሚያልፍ አይሱዙ አስቁሜ ጋቢና ውስጥ አስቀምጬ ወደ ቦንጋ መለስኳት። ሐኪም ቤት አይተው ጽንሱ ደህና ነው አሏት። ባሏ ግን በሚኒባስ ያሳፍራት ጀመር።

መኪናዋን አስጎትቼ የተሰበረውን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ኳሱ ከነአንገቱ ተነቅሏል። ከልኩ ስለረዘመ ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ተጣሞ ነበር የሚሠራው። ባንኮኒው ላይ ወረወርኩለት።

«እትዬ፣ እኔ እንዳመጡልኝ ነው የሸጥኩት። ውስጡን በምን አውቃለሁ?»

«ካላወቅህ ለምን ማልክ?»

«ንግድ ነው እኮ! ማሐላ ደግሞ የአፍ ነው።»

«የአፍ? እዚያ ኩርባ ላይ ሁለት ነፍስ ይዤ ነበር፤ የአፍ ነው ትለኛለህ?»

ባለ ማሩ ሊገላግል ገባ። «በጾም ምድር? ተዪው እናቴ፣ ሰይጣን ነው።»

«ሰይጣን ሊንክ አይሸጥም!»

ድምፄ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ድረስ ተሰማ። «ሌላ ልቀይርልዎት» አለ ባለ ሱቁ። «ወይ ሥዕሏን አውርድ፣ ወይ ምላስህን ሰብስብ» አልኩት። አላወረደም። ዞር ብሎ ሌላ ደንበኛ «ምን ልስጥህ?» ብሎ ጠየቀ።

የንስሐ አባቴ «ቁጣሽ ጾምሽን በላው» አሉኝና ስግደት ሰጡኝ። ለጩኸቴ ሰገድኩ። ለንዴቴ ግን አልሰገድኩም፤ ይህንንም ለራሳቸው ነግሬአቸዋለሁ።

አሮጌውን ሊንክ ይዤ በአውቶቡስ ጅማ ወረድኩ። አምስት ሱቅ ዞርኩ። አንዱ ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ፣ በብሎን የሚረዝምና የሚያጥር አወጣልኝና «ይሄ በጭራሽ አይሰበርም» አለ። «እሱ ካልተሰበረ በኮረኮንች የሚሰበረው ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው «የተሰካበት ብረት ነዋ» አለኝ። ትቼው ወጣሁ። አምስተኛው ሱቅ ውስጥ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሽማግሌ ነበሩ። አሮጌውን ተቀብለው ከአዲሱ ጎን ራሳቸው አጋደሙት፤ ልክ ለልክ ነው። ኳሱን የሚሸፍነው ላስቲክ አልተቀደደም።

«ስንት ዓመት ያገለግላል፣ አባባ?»

«አላውቅም ልጄ። በየጊዜው አስፈትሺው።»

ያንን «አላውቅም» ሰምቼ የቀኙንም የግራውንም ገዛሁ። ቦንጋ ስመለስ መካኒኩ እስኪያስር አናቱ ላይ ቆምኩበት። «አያምኑኝም እንዴ?» አለ። «አላምንህም» አልኩት። ብሎኑን አጠበቀ።

መኪናዋ ጸጥ አለች። ለጸሐፊዋ ቢሮ ውስጥ ነገርኳት፤ «ባሌ እምቢ ብሏል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከሚኒባሱ ኋላ ኋላ እየነዳሁ፣ በጭቃ በተለቀለቀው መስኮት የተደገፈ ራሷን እያየሁ ዋጫ እደርስ ነበር። አደራዬን ሌላ ሰው እየነዳው እኔ ከኋላ!

ጳጉሜን ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት የግቢዬ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ትናንት ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ሳለ ባሌ መኪናሽ ሥር ገብቶ አየው። ደህና ነው አለ።»

«ማን ፈቀደለት?»

«ማንም።»

«ስለ መኪናስ ምን ያውቃል?»

«ምንም። የእንቁራሪት ሆድ ዕቃ ነው የሚያውቀው። ግን አየው።»

አምስት ሱቅ የዞርኩት እኔ፣ የለካሁት እኔ፣ መካኒኩ አናት ላይ የቆምኩት እኔ፤ የታመነው ግን አንዴ ጭቃ ላይ የተጋደመ የወንድ ጀርባ! የሆነ ሆኖ በሩን ከፈትኩላት፤ መቀመጫዋን ወደ ኋላ ሳብኩላት፤ ቁጣዬን እንደያዝኩ ነዳሁ።

ኩርባው ላይ ስንደርስ ማርሽ ቀነስኩ። እሷ የበሩን መያዣ ጨበጠች። መኪናዋ ሳትጋደም፣ ድምፅ ሳታሰማ ታጠፈች። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንይዝ እጇን ለቀቀችና ወደ እኔ ዞረች።

«በይ እሺ፣ አሁን ተቆጪኝ» አለችኝ።