ዛሬ ለገላሽ ምን አሰብሽ?

ትናንት ከክፍል ስወጣ የአማርኛ መምህራችን ጠሩኝና «አርብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጽሑፍሽን የምታነቢው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ለካ ደስታ እግር ውስጥ ነው የሚገባው፤ እስከ ሁሉቃ ድልድይ ድረስ ሮጥኩ፣ ከዚያም ሰው እያየኝ እንደሆነ ትዝ ሲለኝ መራመድ ጀመርኩ። እናቴ በር ላይ ይዛኝ «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ስለ ምን ልትጽፊ ነው?» ስትለኝ አፌ ቀደመኝና «ስለ እመጫቷ» አልኩ። እናቴ ታውቃታለች። ያን እሑድ እሷም የፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ነበረች።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አምቦ ውስጥ ግርግር የነበረ ጊዜ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ያገኙን ፖሊሶች መኪና ላይ ጫኑን። ወንዶቹን ወደ ሌላ በኩል ወሰዷቸው፤ እኔን ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ወደ ጣቢያው የሴቶች ክፍል። ሲሚንቶ ወለል፣ ከጣሪያው ሥር ትንሽ መስኮት፣ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ ሴቶች። ከሁሉ በፊት ግን የመጣብኝ ሽታው ነው። የኮመጠጠ ወተት ይሸታል። እርጎ የደፋ ሰው ያለ መሰለኝ።

«አከም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» አለችኝ አንዲት ወፍራም ሴትዮ። በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለቷ ነው። ጊዜው ግን ወደ ማታ ነበር።

«አሁን እኮ መሽቷል» አልኳት።

«ሰው የሚነቃው እዚህ ሲገባ ነው።»

የጉደር ሽንኩርት ነጋዴ ናት። ሁሉም እቴቴ ይሏታል፤ አንቺ በሉኝ ያለችን ራሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ከቆጠራ በኋላ፣ ዳቦ ሳይቆረስ፣ እያንዳንዳችንን በየተራ ትጠይቃለች፦ «አንቺስ፣ ዛሬ ለገላሽ ምን አሰብሽ?» ለፍርድ ቤት አይደለም፣ ለመርማሪውም አይደለም። አንድ ትንሽ ነገር ለገላ፣ በር የዘጋብን ሰው ሊከለክለን የማይችል። አንዷ ጉልበቷን ታፍታታለች። አንዷ ፀጉሯን ታበጥራለች። «ውሃ እጠጣለሁ» ያለችውን ሁሉም «ጎበዝ» ይሏታል። ሽንት ቤት የሚያወጡን ጠዋትና ማታ ብቻ ስለሆነ ውሃ መጠጣት ድፍረት ነበር።

እኔ «ዳቦዬን እበላለሁ» አልኩ።

«ትናንትም እንዲህ ብለሽ ከፍራሹ ሥር አገኘሁት» አለች እቴቴ። «እስካሁን የወፈረችው አይጧ ናት።»

ሽታው የእመጫቷ ነበር። ገና አንገቱን ያጠና ልጇን አማቷ ዘንድ ትታ ነው የመጣችው። ጡቷ አግቶ፣ ቀሚሷ ደረቷ ላይ ይረጥብና ይደርቃል፣ ደግሞ ይረጥባል። ትኩሳትም ጀምሯት ነበር። ተራዋ ሲደርስ «ምንም አላሰብኩም» አለች።

«እለቢው እንጂ። ካልታለበ ይደርቃል። ስትወጪ ልጅሽን ምን ልታጠቢው ነው?» አለቻት እቴቴ።

«ላም ነኝ እንዴ?»

«ላም ብትሆኚማ በየጠዋቱ ይለቁሽ ነበር።»

እመጫቷ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ «አልባለሁ» ትላለች። እኛ ነጠላ ዘርግተን፣ ጀርባችንን ሰጥተናት፣ በሩን እንጋርዳለን። ኩባያው ውስጥ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ሽንት ቤት ሲያወጡን አጥሩ ሥር ታፈሰውና አፈር ታለብሰዋለች። «የልጄ ነው። ውሻ አይልሰውም።»

እሑድ እናቴ ስንቅ አምጥታልኝ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ፖሊሷ እመጫቷን ጠራቻት። «ልጅሽን አምጥተውልሻል። አለቃ ሳይመጣ ቶሎ አጥቢና ተመለሺ።» እመጫቷ የሚጠጣ ውሃዋን አፍስሳ ጡቷን ታጥባ መጣች። አማቷ ልጁን በጋቢ ጠቅልለው ቆመዋል።

«ይስጡኝ፣ እማዬ።»

አልሰጧትም። «ልጄ፣ ዓይኑን እንድታዪው ብዬ ነው እንጂ። የድንጋጤ ወተት ነው። ሆዱን ይዞ ቢጥልብኝ ምን እሆናለሁ?»

«በየቀኑ እያለብኩ ነው። የቆየ አይደለም፤ የዛሬ ነው።»

«የቆየውስ ይታለባል። ድንጋጤው አይታለብም።»

ክፉ ሴት አልነበሩም፤ እያለቀሱ ነው የተናገሩት። በእኛ ዘንድ የደነገጠች እናት ወተት ልጅ ይጥላል ይባላል። እናቴም ይህንኑ እየሰማች ነው ያደገችው፤ መሬት መሬት ታያለች። ልጁ ግን የእናቱን ድምፅ ሲሰማ ፊቱን ወደ ደረቷ አዞረና በአፉ መፈለግ ጀመረ። አማትየዋ ጋቢውን ሳብ አድርገው ሸፈኑት።

«ትንሽ ብቻ» አለች እመጫቷ።

«በቃ፣ መኪና መጣ» አለች ፖሊሷ።

እመጫቷ ከጋቢው የወጣች እግሩን ያዘች። ያንኑ ብቻ። ወደ ክፍላችን ስንገባ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሶ ነበር። ወተቱ ልጁን አውቆ ወርዷል።

ያን ቀን እቴቴ አልቀለደችም። በማግስቱ ግን ከቆጠራ በኋላ መጠየቋን አልተወችም። እመጫቷ ጋ ስትደርስ ዘለለቻት።

«ለምን ታልፊኛለሽ?» አለች እመጫቷ። «ዛሬም አልባለሁ።»

አንዷ ሳታስበው «ለማን ብለሽ?» አለቻት።

«ለገላዬ። ያመኛል።»

ነጠላውን ራሷ አንስታ ሰጠችን። ተነሥተን ጀርባችንን ሰጠናት። እኔ እዚያው እንደቆምኩ ዳቦዬን እስከ ፍርፋሪው በላሁት።

ከእሷ በፊት ተፈታሁ። እሷ ስትወጣ ልጁ ጡት ረስቶ ነበር አሉ፤ ያደገው በላም ወተት ነው። በቅርቡ ትምህርት ቤት ውስጥ ለጤናችን ዕለታዊ ግብ ስለ ማውጣት ተማርን። መምህርቷ «ግብ የሚደረስበት መሆን አለበት» ስትል እኔ እመጫቷን አሰብኩ። በየቀኑ ደርሳበት ነበር። አማትየዋን አልጠላቸውም። 

አርብ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ኑ። ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅም። ከማንበቤ በፊት በየተራ ስለምጠይቃችሁ ለገላችሁ ያሰባችሁትን አንድ ትንሽ ነገር ይዛችሁ ኑ፤ ውሃ ልጠጣ ማለትም ይበቃል። ሕፃን ያላችሁ ደግሞ ይዛችሁት ኑ፣ የፊተኛውን ወንበር ለእናንተ አስይዣለሁ። ካለቀሰ እዚያው አጥቡት። እስኪጠግብ እጠብቃለሁ።