አንድ እግርና አንድ ምርኩዝ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! መሪያችንን በር ላይ ጠብቄ ነው የያዝኩት፤ ዛሬ ሳልመሰክር ብመለስ ይኸ ምላሴ አያስቀምጠኝም። የምመሰክረው ስለ ፈውስ ነው። አያችሁ፣ ሁላችሁም ወደ እግሬ ተመለከታችሁ! ግድ የለም፣ እዩት። ምርኩዜም ይኸው በእጄ ነው። ብቻ እስክጨርስ ታገሱኝ።

እኔ አርፌ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ልምሻ ግራ እግሬን የያዘኝ ገና ድክ ድክ ስል ነበር። እናቴ ያልወሰደችኝ ጸበል፣ ያላሳየችኝ ወጌሻ የለም። በመጨረሻ አንድ ሐኪም አገላብጦ አየኝና፣ "እናት፣ ይችን እግር ይተዉና እጇን ያስተምሯት" አላት። እናቴ እያለቀሰች ሄዳ የስፌት መኪና ገዛችልኝ። በቀኝ እግሬ ፔዳሉን እየረገጥኩ እዚሁ አዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ልብስ ሰፊ ሆንኩ።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን ጓዳ ታስገባኝ ነበር። ክፉ ሆና አይደለም፤ "ምን ሆና ነው?" ለሚላት ሁሉ መመለስ ታክቷት ነው። ታናሽ እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አንደኛው፣ "ሌላ ሴት ልጅ አለዎት?" አላት። እናቴ ዝም አለች። ወገኖቼ፣ ያ ዝምታ ከልምሻው በላይ አመመኝ።

ከቱላ እየመጣች ቀሚስ የምታሰፋ ዳንጊሴ የምትባል ደንበኛ ነበረችኝ። አንድ ቀን ጎንበስ ብላ፣ "የኛ ጌታ ይፈውሳል፣ ነይ" አለችኝ። ጊዜው የደርግ ነው። ጸሎት ቤቶች ታሽገዋል፣ ጴንጤ መባል ያሳስራል። አማኞች የሚሰበሰቡት በሐይቁ በኩል ጋሽ ማቲዎስ የሚባሉ አባት ቤት፣ በሹክሹክታ ነው። ሄድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጌታን ፍለጋ አልሄድኩም። እግር ፍለጋ ነው የሄድኩት!

ይጸልዩልኛል፣ "ተነሺ!" ይሉኛል፣ ምርኩዜን ጥዬ እነሣለሁ፣ እወድቃለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ እንደዚያው። አንዱ ወንድም፣ "እምነት ይጎድልሻል" አለኝ። ቤቴ ገብቼ ስገላበጥ አድሬ፣ ለሚቀጥለው ጸሎት ከሁሉ ቀድሜ እደርሳለሁ። ዕረፍት የለኝም! ዛሬ ካልሆነ ነገ፣ እዚህ ካልሆነ እዚያ እላለሁ።

እንዴት እንጠነቀቅ እንደነበር ብታዩ! ጫማችንን ውጭ አንተውም። አንዱ በፊት በር ይገባል፣ ሌላው በጓሮ አጥር ይሾልካል። ዝማሬው ከከንፈር አይወጣም። ይህን ሁሉ ስናስብ መሬቱን ረሳነው። የአዋሳን አሸዋ ታውቁታላችሁ፤ ዝናብ ከጣለበት የረገጠውን ሁሉ ዱካ ይይዛል። አንድ ቀን እኛ ከተበተንን በኋላ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ መጥቶ ጋሽ ማቲዎስን ወሰዳቸው።

ሲፈቱ እኔ ዘንድ መጡ። ፊታቸው አባብጧል። "ልጄ፣ ሰውየው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'አንድ እግርና አንድ ምርኩዝ ተከትዬ መጣሁ' አለኝ። ስለ ወንድሞች ብለሽ ለጊዜው ከቤትሽ አትውጪ" አሉኝ። እሳቸውም እያለቀሱ ነበር።

እናቴ ጓዳ አስገባችኝ፤ አሁን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ጓዳ አስገባችኝ! ምርኩዜን አንሥቼ ከግድግዳው ጋር አጋጨሁት። "አንተም ታፍርብኛለህ?" ብዬ በጌታ ላይ ጮኽኩ። ከዚያ ያለ ምርኩዝ መነሣት አልችልም፤ በሆዴ እየተሳብኩ ላመጣው ሄድኩ። የስፌት መኪናዬ ሥር ስደርስ አቅሜ አለቀ። እዚያው አቧራው ላይ ተኝቼ፣ "እሺ፣ እግሬን ተወው። እኔን ግን አትተወኝ" አልኩት።

ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅም አልሰማሁም። ተረጋጋሁ ብላችሁም እናቴ ትታዘበኛለች፤ እኔ መቼ ተረጋግቼ! ብቻ፣ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አወቅሁ። ስሙ ይባረክ! ጌታን ያገኘሁት እዚያ ወለል ላይ ነው።

በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳንጊሴ የተቀደደ ቀሚስ በብብቷ ይዛ መጣች። ቀጥሎ አንዱ ሸሚዝ ይዞ ገባ። ቀጥሎ ሌላዋ። በመጨረሻ ጋሽ ማቲዎስ ሱሪያቸውን አጣጥፈው ብቅ አሉ! "ምንድን ነው?" ስል ዳንጊሴ ሳቀችብኝ። "አንቺ መምጣት ብትከለከዪ፣ እኛ እግር የለንም እንዴ?" አለችኝ። ሃሌ ሉያ! ልብስ ይዞ ሰፊ ቤት የገባን ሰው ማን ይጠይቀዋል? እነሱ ቀስ ብለው ይዘምራሉ፣ እኔ በቀረችኝ እግር መኪናዬን አንገጫግጨዋለሁ፤ ድምፁ ዝማሬውን ይሸፍናል።

እናቴ ከጓሮ ስትገባ ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። ጴንጤ የሚባል ነገር አትወድም ነበርና ደነገጥኩ። አፏን ሳትከፍት በሩ ተንኳኳ። ያው አብዮት ጥበቃ ነው።

"እማማ፣ ይኸ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?" አላት።

አንድ ቃል ብትናገር ሁላችንም አለቅን።

"የልጄ ደንበኞች ናቸው" አለች እናቴ።

"ልጅዎ አግብታ ሄዳ የለም እንዴ?"

"ትልቋን ነው የምልህ! ሰፊ ናት። ያቻትልህ፣ እያት!" ብላ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ሰውየው አየኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ምርኩዜን አየ። ዓይኑን ከምርኩዙ አልነቅል አለ። ገብቶታል፣ ወገኖቼ! እናቴም ገብቷት ፊቱ ተገተረች። "ምን ታያለህ? ልጄ ሰው ናፍቋት ስንት ዘመን ጓዳ ተቀምጣለች። ዛሬ ሰው መጣላት፤ ልታባርርባት ነው?"

ሰውየው አንገቱን ደፋ። "መልካም ሥራ" ብሎኝ ሄደ። ክብር ለስሙ ይሁን! እናቴ በሩን ዘጋችና ወደኛ ዞራ፣ "አሜን ስትሉ ቀስ በሉ!" አለች። እኔም መኪናዬም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓዳ አልገባንም። እሷ ራሷ ጌታን ለመቀበል ብዙ አስቸግራን ነበር፤ ዛሬ ግን ያቻት ፊት ወንበር ላይ። እማዬ፣ እጅሽን አንሺ!

እንግዲህ የተፈወስኩት ከዚያ ጓዳ ነው። እግሬን ጌታ ነገ ቢያነሣው እዘላለሁ፣ መቼም እኔን ታውቁኛላችሁ። ባያነሣውም እርሱ ትቶኝ አያውቅም። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥታችሁ ከኋላ በሩ አጠገብ የተቀመጣችሁ፣ ቤታችሁም ጓዳ ውስጥ የቀረ ሰው ያላችሁ፣ በእርሱ ታመኑ፤ እርሱ በማንም አያፍርም። ከዚህ ስትወጡ ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ መሬቱን እዩ፤ ጠዋት ዘንቦበታል። አንድ እግርና አንድ ምርኩዝ ታገኛላችሁ። ተከተሉት። የሚያደርሳችሁ እኔ ቤት ነው፣ በሩም ክፍት ነው።