እህቴ በአስኮ በኩል ናት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ሰው ፊት መናገር ስለሚያቅተኝ ነው መጻፍ የጀመርኩት፤ ቢበላሽም ማንም አያየኝም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው።

ትልቋ እህቴ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የሄደችው በጠዋት ነው፤ ከአየር ጤና ታክሲ ይዛ ወደ ቦሌ። ከእኛ ሰፈር መርካቶም፣ አውሮፕላኑም ያለው ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ነው። እናቴ ታክሲው ፀሐይዋ ውስጥ ገብቶ እስኪጠፋ ቆማ አየችው። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ነጠላዋን አጣፍታ በራችን ላይ ትቆማለች። ድሮም የምትጸልየው ወደ ምሥራቅ ዞራ ነው፤ እህቴ ከሄደች በኋላ ግን ጸሎቷ ረዘመ። ሲያልቅ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ «ደህና ዋይልኝ» ትላታለች።

ባለፈው ክረምት እህቴ ታመመች ተባለ። ድምፅዋን እንኳ ሳንሰማ ሞተች። አስከሬኗን ማምጣት አልተቻለም፤ እዚያው ተቀበረች። ድንኳን ተከልን፤ ሳጥን በሌለበት፣ ፎቶዋን መሐል አስቀምጠን አለቀስን።

ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ እናቴ «መቃብሯ በየት በኩል ነው? እሱን ብቻ አሳዪኝ» አለችኝ። ጅዳ ከእህቴ ጋር ትገናኝ የነበረች ልጅ የመቃብሩን ቦታ በስልኬ ላከችልኝ። ካርታው ላይ ቀይ ምልክት አለ፣ ከሥሩ ሁለት ቁጥሮች። አምስተኛ ክፍል መምህራችን ፕላስቲክ ኳስ ላይ በእስክሪብቶ እያሰመረ «ምድር እንዲህ ናት» ሲለን ትዝ አለኝ። የተጋደሙት መስመሮች ኬክሮስ፣ ብርቱካን ሲላጥ እንደሚታዩት ከላይ እስከ ታች የሚወርዱት ኬንትሮስ። የእኛን ቤት ቁጥሮችም አወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ ይራራቃሉ፤ የእኛ ዘጠኝ፣ የእሷ ሃያ አንድ። ሁለተኛዎቹ ግን የእኛ ሠላሳ ስምንት ከምናምን፣ የእሷ ሠላሳ ዘጠኝ ከትንሽ ነገር ነው። አንድ መስመር ላይ ነን ማለት ይቻላል። እህቴ ያለችው ከእኛ በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው።

«እማዬ፣ በዚህ በኩል ናት» ብዬ የጓዳውን ግድግዳ አሳየኋት።

«በአስኮ በኩል?»

«አዎ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሳዑዲ ነው የምልሽ! አስኮማ በታክሲ ሄጄ የምመለስበት ነው።»

«አስኮን አልፎ ነው፤ በጣም ርቆ።»

ስልኩን ወስዳ አየችው፤ ማንበብ ግን አትችልም። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ እጄን የዘረጋሁት ለማን ነው?» አለች።

በማግስቱ ለጸሎት አልወጣችም። ከዚያም በኋላ አልወጣችም። «ምድር ክብ ናት፣ ዞሮ ይደርሳታል» ልላት ፈልጌ መጀመሪያ ካርታው ላይ በጣቴ ሞከርኩት። ከበራችን ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መስመር ስንቱን ባሕር አቋርጦ ከጀርባችን በኩል ተመልሶ እኛው ቤት ይገባል። ጅዳን አይነካትም። ሳልነግራት ስልኩን አጠፋሁት።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን የእናቴ እኩያ፣ ሙስሊም ናቸው። ሾርባ ይዘውላት መጡና ማለዳ ማለዳ ለምን እንደማያዩዋት ጠየቋት። ነገረቻቸው።

«ወይ አንቺ! ጸሎትን ፌርማታውን እንደሚስት ታክሲ አደረግሽው?» አሉ። «ፈጣሪ ልጅሽ ያለችበትን አያውቅም እንዴ?»

«እሱማ ያውቃል። እኔ ነኝ የማላውቀው።»

«በይ እንግዲህ፣ እኔ ስሰግድ ወደዚያው ወደ ሳዑዲ ነው የምዞረው። በእሷ በኩል ነኝ፣ አይዞሽ።»

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። «አየሽ፣ አንቺ ጎረቤቷ በቀን አምስቴ ፊትሽን ስታዞሪላት፣ እኔ እናቷ ጎኔን ሰጥቻት ኖርኩ።»

ጎረቤታችን ሾርባውን ወደ እሷ ጠጋ አደረጉላት።

በማግስቱ ማለዳ እናቴ ቀሰቀሰችኝ። ነጠላዋን አጣፍታለች። በሩ ላይ እንደ ድሮው ወደ ምሥራቅ ቆመች፤ እኔን ግን ትከሻዬን ይዛ ወደ ጓዳው ግድግዳ አዞረችኝ። እኔ እንደሷ ጸሎት አልችልም። ምን ልበል ብዬ ጠየቅኋት።

«ምንም አትበይ፤ ዝም ብለሽ ቁሚላት። ከቤታችን አንድ ሰው ፊቱን ይስጣት።»