ትራሴ ሥር የነበረው ዩዋን

ዛሬ ጠዋት ባቡር ውስጥ ጉንጬ ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ያ ሳንቲም ትዝ አለኝ።

ያኔ ልጅ ሳለሁ፣ በስደት ከተማችን ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። እናቴ ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ ኢቶቢኮ፣ መጋዘን ውስጥ ስለምትሠራ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚቀበሉኝ ጎረቤታችን፣ ቻይናዊቷ ባልቴት ነበሩ። ቤታቸው ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል። በዘመን መለወጫቸው ሰሞን በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ ሳንቲም ሰጡኝና ሁለት መዳፋቸውን ጉንጫቸው ሥር አድርገው አሳዩኝ፤ ትራስሽ ሥር አድርጊው ማለታቸው ነበር። አደረግሁት።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ አልጋዬን ስታነጥፍ ጮኸች።

«በኢየሱስ ስም! ይሄን ማን ሰጠሽ?»

«ሳንቲም እኮ ነው፣ እማዬ።»

«ሳንቲምም ይደገምበታል!»

በእጇ ሳትነካ በፎይል ጠቀለለችውና የጸሎት መሪያችንን ኮል አደረገች። እኚህ ሽማግሌ መጥተው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ቸርች ውስጥ ሲጸለይላቸው እየጮኹ የሚወድቁ ሰዎች አይቼ አውቃለሁ። ከእኔም ውስጥ የሆነ ነገር እንዳይጮህ አፌን ግጥም አድርጌ ዘጋሁ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቼም ይህን ስጽፍ አፌን እንደዚያው እዘጋለሁ። ከሁሉ ያስፈራኝ ግን የእናቴ ቃል ነበር፦ «ሁለተኛ እዚያ ቤት አትገቢም!»

«እህቴ፣ ሳይጠየቅ አይፈረድም» አሏት ሽማግሌው።

ሄድን። የባልቴቷ የልጅ ልጅ በሩን ከፈተችልን፤ እሳቸው ከኋላዋ ቆመዋል። እናቴ ፎይሉን ዘርግታ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት።

ልጅቱ ሳቀች። «ዩዋን ነዋ! የቻይና ገንዘብ። ለበዓል ለልጆች እንሰጣለን።»

«ስሙ ምን ማለት ነው?»

«ክብ ማለት ነው። የድሮው የብር ሳንቲም ክብ ስለነበረ። መንግሥት ያወጣለት ስም ሌላ ነው፣ የሕዝብ ገንዘብ ማለት። አያቴ ደግሞ ገበያ ስትወጣ ኩዋይ ነው የምትለው፤ ቁራጭ እንደ ማለት።»

«ክብ ብቻ?»

«ክብ ብቻ።»

የእናቴ ትከሻ ወረደ። «የእኛም ገንዘብ ስሙን ያገኘው ከብሩ ነው» አለች፤ ልትስቅም ሞከረች። «ይቅርታ በይልኝ።»

ባልቴቷ ግን ሳንቲሙን ሳይሆን ፎይሉን ነበር የሚያዩት።

ሰኞ ተመልሼ ስሄድ ሾርባ አቀረቡልኝ። ከእኔ ሳህን አንድ ማንኪያ ቀድመው ጠጡ፤ መዋጣቸውን እንዳይ አፋቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ከዚያ ማንኪያውን አጥበው ሰጡኝ። ቤት እስክንቀይር ድረስ ሁሌም እንዲያ ያደርጉ ነበር። እኔ እኮ አልፈራዎትም ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ በቋንቋቸው እንዴት እንደሚባል ግን አላውቅም ነበር።