በረኛው ማንን ምስክር ይቁጠር?

በተውኔት እንጂ በእውን በሌለ ሰው እንዲህ ይናደዷል እንዴ ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ። የኔ ደም ግን እስካሁን እንደፈላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማችን አዳራሽ በየዓመቱ ለተወሰኑ እሁዶች ከሰዓት በኋላ የሚታይ አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት አለ። ታሪኩ የድሮዋ ሐረር ነው፤ አምስቱ የጀጎል በሮች ጀንበር ስትጠልቅ ይዘጉ የነበረበት፣ ቁልፎቹም አሚሩ ዘንድ ያድሩ የነበረበት ዘመን። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ዓመት አምልጦኝ አያውቅም። ቤታችን ከጀጎል ግንብ ውጭ ነው፤ ቅድመ አያቶቼ ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ ክርስቲያኖች ስለነበሩ ስለ አሚሮቹ ዘመን በቤታችን የሚያወራልኝ ሰው አልነበረም። ጀጎልን የወደድኩት በዚህ ተውኔት ሰዎች በኩል ነው።

አሚሩን እወደዋለሁ። ፊቱን አኮሳትሮ ይገባና ዘፈኑን ሲጀምር ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ዙፋኑ እንደሚያስፈራው ከዚያ እናውቃለን። መጽሐፍ ጠራዡንም እወደዋለሁ። የአንዲትን ልጅ መጽሐፍ ቀን እየሰፋ ማታ ይተረትራል፤ ካለቀ ተመልሳ እንደማትመጣ ያውቃላ! ወተት ሻጯ ደግሞ ነፍሴ ናት። ከሶፊ ገጠር ተነስታ በኤረር በር ትገባለች፤ የአሚሩን አሽከር «ዕቃህን ይዘህ እንደ ሰው ተሰለፍ» ብላ ስታባርረው አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን በረኛው ነው። ነጭናጫ ነው። እግሩን ያመዋል፣ ግመል ይጠላል፣ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ ይሳደባል። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ወተት ሻጯ ትዘገያለች። በሩ ተዘግቷል፤ የታመመ ልጇ ዘመድ ቤት፣ ከግንቡ ውስጥ ነው። በረኛው ቁልፉን ሊያስረክብ መንገድ ሲጀምር ከውጭ ድምፅ ይሰማል፦

«ጀንበር ቀደመችኝ፣ በሩ ተዘጋብኝ፣
ልጄ ከውስጥ ሆኖ፣ ከውጭ መሸብኝ።»

ቢከፍት አንገቱ ይሄዳል፤ ባይከፍት እናትየዋ ውጭ ታድራለች። የሚያደርገው ሲጠፋው ዞሮ እኛን ያየናል። ያኔ አዳራሹ በሙሉ «ክፈትላት!» ብሎ ይመልሳል። እሷ ባወጣች ቁጥር እኛ እንቀበላለን፤ በመጨረሻ በሩ ይከፈታል። በሚቀጥለው ትዕይንት አሚሩ «ማን አዘዘህ?» ብሎ ሲጮህበት በረኛው ጣቱን ወደኛ ዘርግቶ «እነዚህ» ይላል። እዚያ ላይ ሁልጊዜ አለቅሳለሁ። ያ ፈሪ ሰውዬ እኛን ምስክር ቆጥሮ አንገቱን ሲሰጥ እንዴት አላልቅስ?

ይህን ነገር ደራሲው ከራሱ አላፈለቀውም፤ የአፎቻ ወግ ነው። አፎቻ የጀጎል ሰዎች ለሰርግም ለሐዘንም የሚሰባሰቡበት የጎረቤት ማኅበር ነው። ሴቶቹ ሲዘፍኑ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ከበሮ እየመቱ ይቀበላሉ። ይህን ያስረዱኝ ተውኔቱን ሁልጊዜ አብረውኝ የሚያዩት፣ እናት ብዬ የምጠራቸው ሴትዮ ናቸው። የጀጎል ሰው ናቸው፤ ስፌት ሰፍተው ሲሸጡ ከእናቴ ጋር ተዋደው፣ እናቴ ስታርፍ እኔን ወረሱ። «አፎቻ ገብቶ የማይቀበል እንደቀረ ነው የሚቆጠረው» ይላሉ። «ወላሂ፣ የድግሱን ሩዝም ባይሰጡት ደስ ይለኛል።»

በረኛውን የሚጫወተው ሰውዬም ይህን ወግ እንደ ሕግ ነው የያዘው። አንድ ዓመት ግማሻችን ለውዝ ስንፈለፍል፣ ግማሻችን በጫት ምርቃና ፈዘን፣ መልሳችን ከጉሮሮ ሳይወጣ ቀረ። አልከፈተም። ቁልፉን ይዞ ቆመ። ሙዚቀኞቹ ዜማውን እየደጋገሙ ጠበቁን፤ ኋላ እኛው አፍረን ስንጮህ ከፈተ። እስከ ዛሬም የሚጫወተው እሱ ነው፤ ድሮ በቀለም ያነጡለት የነበረው ጺም አሁን የራሱ ሽበት ሆኗል።

ዘንድሮ አዲስ አዘጋጅ መጣ። የሌላ አገር ሰው ቢሆን አላወቀም ብዬ በተውኩት። የዚሁ የጀጎል፣ የአቦከር ሰፈር ልጅ ነው፤ የአፎቻ ሰርግ ላይ እየተንጫጫ ያደገ! መብራቱን አሳምሮታል፣ አልክድም፤ የአሚሩ አዲስ ካባም ያምራል። የሕዝቡን መልስ ግን ስቱዲዮ አስቀርጾ ከድምፅ ማጉያ እንዲወጣ አደረገው። ይህን ስሰማ ማመን አቅቶኝ አዳራሹ በር ላይ ጠብቄ ጠየቅሁት።

«አዎ፣ ለጥራት ብለን ነው» አለኝ። «ሕዝቡ አንዳንዴ ይዘገያል፣ ከዜማውም ይወጣል።»

«ይውጣ! ሰው ሲጮህ ከዜማ ቢወጣ ምን አለበት?»

«እትዬ፣ ተመልካች እኮ ሊዝናና ነው የሚመጣው። ለምን ይድከም?»

«እሺ፣ አሚሩ ማን አዘዘህ ሲለው በረኛው ማንን ምስክር ይቁጠር? ስፒከሩን?»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። «እናንተን ነው የሚያሳየው፤ እሱ አልተቀየረም» አለኝ።

እንዴት እንዳቃጠለኝ! አፋችንን አስይዞ፣ ያላልነውን ብለዋል ሊያሰኝ፣ የሐሰት ምስክር ሊያደርገን ነው። ለዚያች ሴት በሩን የምናስከፍትላት እኛ ነበርን። ካልተፈለግን ቤታችን ተቀምጠን ቴሌቪዥን ብናይ ምን ይቀርብናል? አልሄድም ብዬ ፎከርኩ። እናት ግን «ወጡ ጨው በዛበት ተብሎ ከሰርግ ይቀራል እንዴ?» ብለው እጄን ይዘው ወሰዱኝ።

የመጀመሪያው እሁድ አዳራሹ ጢም ብሏል። ወተት ሻጯ ከውጭ ዘፈኗን አወጣች። እናት ሊቀበሉ አፋቸውን እንደከፈቱ ስፒከሩ «ክፈትላት!» ብሎ ቀደማቸው። የለሰለሰ፣ አንድ ላይ ተጀምሮ አንድ ላይ የሚያልቅ ድምፅ ነው። አፋቸውን መልሰው ገጠሙ፤ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ። ብድግ ብዬ መሳደብ አማረኝ። እሷ እንደገና አወጣች፣ ስፒከሩ ተቀበለ። እንደገና አወጣች፣ ስፒከሩ ተቀበለ። ከዚያ ቅጂው አለቀ።

በሩ አልተከፈተም።

በረኛው እጁን መዝጊያው ላይ አድርጎ ቆሟል። ሙዚቀኞቹ ተያዩ፤ አዘጋጁ ከመጋረጃው ጥግ እጁን ያወራጫል። ወተት ሻጯን የምትጫወተው ልጅ ግራ ተጋብታ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረችው። ስፒከሩ ዝም አለ። በረኛው ቀስ ብሎ ዞረና እንደ ድሮው እኛን አየን።

እናት ተነሱ። «ክፈትላት!» አሉ፤ ድምፃቸው ሻካራ ነው፣ ከዜማውም ወጥቷል። እኔም ተነሳሁ። ከኋላ ጉንጩን በጫት የወጠረ አንድ ሰውዬ ተቀበለን። ከዚያ ማን እንደቀጠለ አላውቅም፤ ጣሪያው የሚነቀል እስኪመስል አዳራሹ በሙሉ ጮኸ። ተከፈተ። በኋላም አሚሩ «ማን አዘዘህ?» ሲለው በረኛው ያንን ረጅም ጣቱን ወደኛ ዘረጋ። ቀና ብዬ አየሁት።

ተውኔቱ ሲያልቅ አዘጋጁ ፊቱ በደስታ በርቶ መጣ። ተቆጥቶ ይመጣል ብዬ የምመልስለትን እያዘጋጀሁ ነበር።

«እትዬ፣ ሰማችሁት? ድንቅ ነው! ሙሉውን ቀርጸነዋል። ከስቱዲዮው በጣም ይበልጣል፤ ከፊታችን እሁድ ጀምሮ እሱን ነው የምንለቀው።»

ስንት ቀን የተሰናዳሁበት ቁጣ የት እንደገባ እንጃ። እናት ናቸው የመለሱለት።

«ልጄ፣ እሁድ እኔ ሞቼ ነው?»

«ኧረ እድሜ ይስጥዎት! ምን ማለትዎ ነው?»

«ካለሁ ምን ሆኜ ነው በቅጂ የምመልሰው?»

«አዪ እናት...» ብሎ ስልኩን እያየ ሄደ። በረኛው የተውኔት ልብሱን ሳያወልቅ፣ የውነት እያነከሰ ወደኛ መጣ። ጎንበስ ብሎ የእናትን እጅ ያዘ።

«እሁድ እንዳይቀሩብኝ» አላቸው፤ በአገጩ ወደ ስፒከሩ አመለከተ። «እኔ ለሱ አልከፍትም።»